ሙሽራ በካውንቲ መዝገብ ሲጣራ

ሽምግልና ክብር ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ሽማግሌ ሆነው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። እኔ በበኩሌ ዕድሜዬ ገና ነው እያልኩ ስሸሽ ኖሬያለሁ፤ ነገር ግን የተሰደድንባት ኮለምበስ የሽማግሌ እጥረት ያለባት ከተማ ናት። ጆሮ ግንዱ ላይ ትንሽ ሽበት ያበቀለ፣ ሙሉ ልብስ ያለው፣ እሁድ ሥራ የማይገባ ወንድ ከተገኘ ይታፈሳል። ሦስቱንም ስለማሟላ ታፈስኩ።

ያፈሰኝ ጋሽ ሙሄ ነው። ጋሽ ሙሄ የደሴ ልጅ ነው፤ እኔም የደሴ ልጅ ነኝ። እሱ ዓርብ መስጊድ ይሄዳል፤ እኔ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ እንቅልፍ ካላሸነፈኝ። ይህን ሌላ አገር ሰው የሃይማኖት ልዩነት ይለዋል፤ ወሎ ውስጥ ግን የሥራ ክፍፍል ነው። እሱ ሐዘን ሲደርስበት ወንበር የማመላልሰው እኔ ነኝ፤ የልጄ ክርስትና ድግስ ላይ እንግዳ ሲያስተናግድ የዋለው እሱ ነው። ስለዚህ የልጁን የሰሚራን ጉዳይ ይዞ ወደ እኔ ሲመጣ አልገረመኝም።

ሰሚራ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አፐር አርሊንግተን ውስጥ ፋርማሲስት ሆና የምትሠራ ልጅ ናት። አማርኛ በደንብ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን ግማሹን መንገድ በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ትሄዳለች። አንቱታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ ንጉሥ ቢመጣም አንተ ነው የምትለው። የወደደችው ልጅ አህመድ ይባላል። ካናል ዊንቸስተር አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። ዝምተኛ ሰው ደግሞ ለሐሜት አይመችም፤ መያዣ የለውም።

እሁድ ዕለት የአህመድ ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው አጎቱ ጋሽ እንድሪስ ነበሩ፤ ከእኔም ከጋሽ ሙሄም የሚበልጡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡና ተቀመጡ ሲባሉ «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ጋሽ ሙሄ ባለፈው ዓመት የገዛው ሶፋ አሥር ሰው ያስተኛል፤ እነሱ ግን አጠገቡ በካልሲ ቆመው ልጃቸውን ልጅ እንዲያደርግላቸው ለመኑ። ጋሽ ሙሄም እንደ ወጉ ፊቱን አጨፍግጎ ልጄ ገና ልጅ ናት አላቸው። ልጂቱ የራሷ ቤት፣ የራሷ የቤት ብድርና የራሷ የጀርባ ሕመም ያላት ሴት ናት። ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ። ግን በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን ሊገላገላት የቸኮለ ይመስላል። እናስብበት፣ ለሚቀጥለው እሁድ ተመለሱ ተባሉ።

በሩ እንደተዘጋ ጋሽ ሙሄ ወደ እኔ ዞረ። «አጣራልኝ» አለኝ።

አገር ቤት ማጣራት ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ጆሮው የሰላ ሰው ተመርጦ ወደ ልጁ ሰፈር ይላካል። ሱቅ ገብቶ ክብሪት ይገዛና እግረ መንገዱን የእነ እገሌን ደህንነት ይጠይቃል። ከዚያ በድንበር የተጣላቸውን ጎረቤት ይፈልጋል፤ እውነት ያለው እዚያ ነውና። ማታ ተመልሶ የልጁን ዘር እስከ ሰባት ቤት፣ የአያቱን በቅሎ ጠባይ ጨምሮ፣ ይዘረግፈዋል። እዚህ ግን ማን ይጠየቃል? ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያውቀው በሣሩ ቁመት ነው። ባለሱቁ ማሽን ነው፤ ዕቃህን ራስህ ታነሣለህ፣ ሒሳቡን ራስህ ትሠራለህ፣ ማሽኑም ስለማንም ክፉ አይናገርም።

ሰው ደግሞ ያለ ሐሜት አይኖርም። ስለዚህ ደርግ ትርፍ ቤት እንደወረሰው፣ እዚህ ሐሜትን መንግሥት ወረሰው። ማን ተከሰሰ፣ በምን ተከሰሰ፣ ምን ተፈረደበት፣ ሁሉም በካውንቲው፣ እኛ አውራጃ በምንለው፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ሰፍሮ ለሕዝብ ክፍት ነው። ሶፋህ ላይ ተጋድመህ ድረ ገጹን ትከፍታለህ፤ መጀመሪያ የቤተሰብ ስም፣ ቀጥሎ የራስ ስም ትጽፋለህ፤ የሰውየው ገበና ጭንህ ላይ ይወርዳል።

እኔ ይህን ነገር ለዓመታት ስቃወም የኖርኩ ሰው ነኝ። በመረዳጃ ማኅበራችን ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ የሰውን ገበና በጣት እየነኩ ማየት ነውር ነው ብዬ ንግግር አድርጌ አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ሲስማማ መቃወም የቆየ በሽታዬ ነው። ያን እሁድ ማታ ግን ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ለአንድ ደቂቃ፣ ለጋሽ ሙሄ ብዬ።

«መሐመድ፣ አህመድ» ብዬ ጻፍኩ። አህመድ የልጁ ስም፣ መሐመድ የአባቱ ስም። ማሽኑ ትንሽ አሰበና የአህመድ መሐመድ ጎርፍ ለቀቀብኝ። ገጽ እገልጣለሁ፣ አህመድ መሐመድ። ሌላ ገጽ እገልጣለሁ፣ አህመድ መሐመድ። ባንክ የዘረፈ አህመድ፣ ሚስቱን የፈታ አህመድ፣ ዕዳ ያልከፈለ አህመድ፣ ዕዳ አልተከፈለኝም ብሎ የከሰሰ አህመድ። አንዳንዱ ላይ አህመድ ከአህመድ ጋር ይካሰሳል። ይህ ሁሉ ስም በአንድ ካውንቲ እንዴት እንደሚጠራራ እግዜር ይወቅ።

የልደት ቀን ካለህ ማጥበብ ትችላለህ ይላል ድረ ገጹ። ለሰሚራ ደወልኩና፣ በጨዋታ መሐል፣ የአህመድ ልደት መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት። ጃንዋሪ ዋን አለችኝ፣ ዓመተ ምሕረቱንም ጨመረችልኝ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ራሴን አመሰገንኩ።

እዚህ ላይ አንባቢ ከእኔ ቀድሞ ነቅቶ ይሆናል። የእኛ ሰው በስደት ወረቀት ሲመጣ የልደት ቀኑን የማያውቅ ከሆነ፣ ባለሥልጣኖቹ ጃንዋሪ አንድን ይሰጡታል። የሚያውቀውም ቢሆን ከዘመን አቆጣጠሩ ጋር ከሚታገል ይቅርብኝ ብሎ ይቀበላል። እኔ ራሴ ጃንዋሪ አንድ ነኝ። በፈረንጅ አዲስ ዓመት ዕለት የእኛ ሠፈር ሰው በጅምላ ያረጃል፤ ማን ማንን እንኳን ተወለድክ ይበል? የልደት ቀኑን ሳስገባ ጎርፉ አነሰ እንጂ አልደረቀም። ቢሆንም ቀኑም ዓመቱም የገጠመ አንድ አህመድ መሐመድ ተገኘ። ክሱ ስርቆት ነው። ከስሩ ደግሞ የተሰረቀ ንብረት መያዝ፣ ከዚያ ሥር ቀጠሮ አለመቅረብ።

ንጹሕ ሰው በስህተት ስለሚፈረድበት ሁኔታ ወፋፍራም መጻሕፍት አንብቤያለሁ። ዳኛ ሁሉ ሊታገሥ ይገባዋል ብዬ የምሟገት ሰው ነኝ። አህመድን ግን ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ ፈረድኩበት።

እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። መዝገቡ ግን እንደ ቆሎ ነው፤ አንድ ዘግነህ አትተውም። የማኅበራችንን ሊቀ መንበር ፈለግኩ፤ ስለ ሥርዓት ዘወትር የሚያስተምረን ሰው ግብሩን ሳይከፍል ቀርቶ ተከሷል። ሁለት ጊዜ። ያለፈው አከራዬን ፈለግኩ። ቀጥዬ የማልወደውን አንድ ሰው ፈለግኩ፣ ምንም የለበትም፤ በጣም አዘንኩ። ባለቤቴ በኋላዬ አልፋ ስታየኝ፣ ስብሰባ ላይ ነውር ነው ያልከው ይህን ነው ወይ አለችኝ። ጥናት ላይ ነኝ አልኳት።

ሰኞ ለጋሽ ሙሄ ነገርኩት። መኪናው ውስጥ ተቀምጠን ነበር፤ መሪውን እንደያዘ ቀረ። ይጮሃል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልጮኸም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እንድሪስን ለብቻው ጠርቼ አልሆነም እለዋለሁ፣ ምክንያቱን አልናገርም፣ የሰው ልጅ በሰው ፊት አላዋርድም አለኝ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ «እኔ እኮ ወድጄው ነበር» አለ። የሰውን ልጅ ከሚሰብር ነገር ሁሉ ይህቺ ትብሳለች።

በማግስቱ፣ ነገሩን ከአባቷ ሰምታ፣ ሰሚራ ደወለችልኝ። ሰላምታ የለም።

«ጋሼ፣ ኬሱን ከፍተኸዋል?»

ስሙም የልደት ቀኑም ገጥሟል ብዬ ማብራራት ጀመርኩ።

«ስሙን አልጠየቅኩህም። ኬሱን ከፍተህ እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል? ዩ ኖው፣ ሪድ?»

ርዕሱን አንብቤያለሁ አልኳት። መጽሐፍ ሳይከፍቱ በሽፋኑ የሚፈርዱትን ስሳደብ የኖርኩ ሰው፣ ርዕሱን አንብቤያለሁ አልኩ። ቀጥዬም፣ ከተጠራጠርሽ አንቺስ ኮምፒውተር አለሽ፣ ለምን አታዪውም አልኳት።

«አላይም» አለች። «ካየሁ አመንኩህ ማለት ነው።»

ስልኩን ዘጋችው። አንዳንድ ልጅ አንቱ ሳይልህ ያስከብርሃል፤ አንዳንዱ ደግሞ አንቱ ሳይልህ ልክህን ያሳይሃል። ዓርብ ሳይደርስ ፍርድ ቤት ሄጄ መዝገቡን በዓይኔ ለማየት ወሰንኩ።

መንግሥት ቤት መዝገብ ለማየት የሚሄድ ሐበሻ ባዶ እጁን አይሄድም። እኔ የመረዳጃ ማኅበራችን ጸሐፊ ነኝ፤ ማህተሙ ያለው የእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል የድጋፍ ደብዳቤ አዘጋጀሁ። አመልካች ታማኝ፣ ምስጉንና የቤተሰብ ኃላፊ መሆኑን፣ የተጠቀሰውንም መዝገብ እንዲያይ ትብብር እንዲደረግለት ጻፍኩ። አመልካቹ እኔ ነኝ። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ፈራሚው እኔ ነኝ። ማህተሙን ሁለት ቦታ ላይ መታሁት፤ አንዱ ፊርማው ላይ፣ አንዱ ለክብር።

ሐሙስ መሐል ከተማ ወረድኩ። መኪና ማቆሚያ ስፈልግ ሕንፃውን ሦስቴ ዞርኩት፤ በካዕባ ዙሪያ ጠዋፍ ያደረግኩ መሰለኝ። በር ላይ ቀበቶዬን አስወለቁኝ፤ ሱሪዬን በአንድ እጄ፣ ደብዳቤዬን በሌላው ይዤ ገባሁ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ሴትዮ ምን ልርዳህ አለችኝ። ደብዳቤውን አቀረብኩ። ሐምራዊውን ማህተም እንደ ሥዕል ራቅ ቀረብ አድርጋ አየችው፣ ቆንጆ ነው አለች፣ መልሳ ሰጠችኝ። ይህ አያስፈልግህም፣ ኮምፒውተሮቹ ከኋላህ ናቸው፣ ግልባጭ ከፈለግክ እኔ አትምልሃለሁ አለችኝ።

ማንነቴን አልጠየቀችኝም። መታወቂያዬን አወጣሁ፣ አላየችውም። ለምን እንደፈለግኩት ልነግራት አፌን ስከፍት፣ ያን መጠየቅ ሥራዬ አይደለም፣ የሕዝብ መዝገብ ነው አለችኝ። ቅር አለኝ። ነገ ና፣ ኃላፊው የሉም፣ ፎቶ ኮፒ ይዘህ ተመለስ እባላለሁ ብዬ ሙሉ ቀን ፈቃድ ወስጄ ነው የመጣሁት። እንዲህ በቀላሉ የሚከፈት በር የሰውን ዝግጅት ከንቱ ያስቀራል።

ኮምፒውተሩ ላይ የሌባውን መዝገብ ከፈትኩት። በዚህ ጊዜ እስከ ታች ወረድኩ። ቁመቱ አጭር፣ ክብደቱ ከባድ፣ ግራ ክንዱ ላይ የዘንዶ ንቅሳት። ከሁሉም ታች፣ ቤቴ ሆኜ ጣቴን ትንሽ ባንቀሳቅስ አየው የነበረ አንድ መስመር አለ። ሰውየው ካለፈው ክረምት ጀምሮ እስር ላይ ነው። የእኛን አህመድ ደግሞ እኔ ራሴ ባለፈው ሳምንት ቤንዚን ማደያ አግኝቼ እጁን ጨብጬዋለሁ።

ሌባው ሌላ ነው። ደስ አለኝ፣ አፈርኩም፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ነገር ግን የእኛ አህመድ መዝገብ የታለ? ከጎርፉ ውስጥ አንዱም እሱን አይመስልም። ሴትዮዋን ስጠይቃት ይህ ክፍል ከባድ ወንጀሎችን፣ ፍቺንና ትላልቅ የገንዘብ ክሶችን ብቻ እንደሚይዝ፣ ቀላል ጥፋቶችና የትራፊክ ክሶች ማዶ ባለው ሕንፃ፣ በሌላ ፍርድ ቤት፣ በሌላ መዝገብ እንደሚገኙ ነገረችኝ። ለካ እኔ ግማሹን ካውንቲ ብቻ ነው ያጣራሁት። ተሻገርኩ። ቀበቶዬን ደግሜ አወለቅኩ።

ማዶ ባለው ክፍል ኮምፒውተሮቹ በረድፍ ተደርድረዋል። ጥግ ላይ አንድ ሰው አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ምንም ሳይቀረው አጎንብሰዋል። ጋሽ እንድሪስ ናቸው።

እሁድ ዕለት በካልሲ ቆመው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ስለ ሰሚራ ጨዋነት ሰምተን መጣን ያሉት ጋሽ እንድሪስ፣ ስክሪናቸው ላይ በትልቁ የሰሚራ ስም ተጽፏል። እኔን ሲያዩ በእጃቸው ሸፈኑት፣ ግን ስክሪኑ ሰፊ ነው። ለምን እንደመጣሁ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ፍርድ ቤቱ ያልጠየቀንን እኛ ምን አግብቶን?

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ» አሉ በመጨረሻ። «ለነገሩ እንኳን መጣህ። መነጽሬን መኪና ውስጥ ረስቼዋለሁ። እስቲ ይቺን አንብብልኝ፣ ከባድ ነው?»

አነበብኩላቸው። በፍጥነት ማሽከርከር ነው። ከሥሩ ሌላ አለ፤ እሱም በፍጥነት ማሽከርከር። ከባድ አይደለም፣ ልጂቱ ለሥራ ስትጣደፍ ነው አልኳቸው።

«የት ላይ ነው የተያዘችው?»

ቦታውን አየሁት። ወደ ካናል ዊንቸስተር የሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የሰሚራ ሥራ ያለው አፐር አርሊንግተን፣ የከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ነው። ነገርኳቸው። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፣ እየሳቁ ነው።

«ወደ እኛ እየመጣች ነዋ» አሉ። «ለእኛ ስትጣደፍ የተቀጣችውን እኛው ልንይዝባት? ዝጋው፣ ዝጋው።»

ዘጋሁት። አሁን የእኔ ተራ ነው ብዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሌባውን፣ ዘንዶውን፣ ጋሽ ሙሄ ነገ ከጁምዓ በኋላ የሚነግራቸውን ነገር። ሳቃቸው ጠፋ። በማን ስም ፈለግከው አሉኝ። አህመድ መሐመድ አልኳቸው፣ በማን እፈልገዋለሁ?

«መሐመድ እኮ የወንድሜ ስም ነው፣ የአባቱ» አሉ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱ ሁሉ። «እዚህ አገር ሰው የሚጠራው በመጨረሻው ስም ነው። ፓስፖርቱ ላይ መጨረሻ ላይ ያለው አያቱ ነው። በሥራ ቦታውም፣ በቤቱም፣ በመንጃ ፈቃዱም አህመድ ያሲን ነው የሚሉት። አንተ የአባቴን ስም ትተህ የወንድሜን ልጅ እንዴት ታገኘዋለህ?»

እውነታቸውን ነው። አባት ዘልዬ አያት ጋ መድረስ ነበረብኝ። ሰባት ቤት ዘር የሚቆጥር ሕዝብ ልጅ ሆኜ ሁለተኛው ቤት ላይ ጠፋሁ።

ጋሽ እንድሪስ በኩራት ወንበራቸውን አስጠጉና ጻፈው፣ ጻፈው፣ ምንም አታገኝበትም አሉኝ። «ያሲን፣ አህመድ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ መዝገብ ወጣ።

ፊታቸው አመድ መሰለ። ይበቃል፣ እንሂድ አሉ። እኔ ግን ርዕስ አንብቤ የምሄድበት ዘመን አልፏል። ከፈትኩት። በመኖሪያ ክልል ውስጥ እንስሳ ማረድ ይላል። ጥፋተኛ፣ ተቀጥቶ ከፍሏል፣ ተዘግቷል።

«ያ የዓረፋ በግ» አሉ ጋሽ እንድሪስ በሹክሹክታ። ግራ ቀኙን ተመለከቱ። «እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ለጋሽ ሙሄ ይነገር፣ አይነገር ብለን ኮሪደሩ ላይ ቆመን ብዙ ተከራከርን። እሳቸው ሌባ አለመሆኑ ይበቃል፣ በግ ከሌባ ጋር አይነጻጸርም አሉ። እኔ ደግሞ መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ነገ አንድ ነገረኛ ከፍቶ ለጋሽ ሙሄ ቢያወራለት ደበቃችሁኝ ይላል አልኩ። አንድ ነገረኛ ስል ማንን ማለቴ እንደሆነ ሁለታችንም ገባን። ግልባጩን አሳተምን። በመንገዴ ወደ መጀመሪያው ሕንፃ ተመልሼ ያሲን ብዬ ፈለግኩ፤ ከባድ ወንጀል የለበትም። አመሻሹ ላይ በእሳቸው መኪና ተያይዘን ጋሽ ሙሄ ቤት ሄድን።

ሰሚራ ነበረች። ሶፋው ጫፍ ላይ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ተቀምጣለች፤ አባቷ ሌላው ጫፍ ላይ። መሐላቸው ለስምንት ሰው የሚሆን ባዶ ቦታ አለ። ሌባው ሌላ ሰው መሆኑን ተናገርኩ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። ሰሚራ ወደ እኔ አላየችም፤ ዓይኗ አባቷ ላይ ነው። ጋሽ ሙሄ እፎይ ሊል ሲል፣ የአህመድ የራሱ የሆነ ነገር ግን አለ ብዬ ወረቀቱን አወጣሁ። ፊቱ ተመልሶ ተዘጋ።

«አንብብ» አለኝ።

የፖሊስ እንግሊዝኛ አንደበቴን ያስረዋል። ሰሚራ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው። ለራሷ ጥቂት አነበበችና ቆመች። «ይሄን አልነገረኝም» አለች፤ ድምፅዋ ቀጭን ሆነ። ጋሽ እንድሪስ አቀርቅረው፣ አትንገራት ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሴት ልጅ ደም ስትሰማ ትሸሻለች ብዬ ነው አሉ። ጋሽ ሙሄ ደም የሚለውን ቃል ሰምቶ ከሶፋው ተነሣ።

«የማን ደም?»

«ዌት፣ ባባ። ላንብብልህ» አለች ሰሚራ። እያነበበች ትተረጉም ጀመር። «ጎረቤቷ ደወለች። መኪና መግቢያው ላይ ቀይ ውኃ ሲወርድ አይታ፣ ሰው ተገደለ አለች። ፖሊሱ መጣ። ጋራዡ ውስጥ… አንድ በግ ተሰቅሏል።»

«በግ» አለ ጋሽ ሙሄ።

«በግ። አህመድ እኔ ነኝ ያረድኩት አለ። ሂ ዋዝ ፖላይት ይላል፣ ትሑት ነበር። ወለሉ ታጥቧል።»

«ወለሉን አጥቦታል?»

«በሳሙና ይላል። ቆዳው… ጥግ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ምንም አልተቀደደም።»

ጋሽ ሙሄ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ቆዳውን ሳይቀድ ገፈፈው ወይ ብሎ ጋሽ እንድሪስን ጠየቃቸው። አንዲት ቀዳዳ የለችበትም፣ አባቱ ነው ያስተማረው አሉ። በአንድ ቢላዋ ወይ አለ። በአንድ ቢላዋ አሉ። ክሱ ክስ መሆኑ ቀረ፤ ሁለቱ ሰዎች ስለ አንድ የተመሰገነ ዶክተር የሚያወሩ መሰሉ።

«አልጨረስኩም» አለች ሰሚራ። «ፖሊሱን ቢዚ ነህ፣ ግን ሥጋ ይዘህ ሂድ አለው። ፖሊሱ ኖ፣ ታንክ ዩ አለ።»

«ያሳደገው የለም» አለ ጋሽ ሙሄ፤ ፖሊሱን ነው።

ጋሽ እንድሪስ ይህን ጊዜ ልባቸው ሞቀና፣ ሥጋው ለሠፈሩ ሁሉ ተከፋፍሎ እንደነበር፣ ለጋሽ ሙሄም በፌስታል ተልኮ እንደነበር አስታወሱት። ጋሽ ሙሄ አሰበ። ያ ላቱ ትልቅ የነበረው በግ ነው ወይ አለ። እሱው ነው ተባለ። አላህን አመሰገነ፤ ጥሩ ሥጋ ነበር። በክፍሉ ውስጥ የወንጀሉ ተካፋይ ያልሆንኩ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የክርስቲያን ቢላዋ ስላልነካው አልበላሁም። ይህን ንጽሕናዬን ያነሣልኝ ሰው ግን አልነበረም።

ከዚያ ጋሽ ሙሄ እጆቹን ተመለከተ። የእሱን በግ በየዓመቱ አንድ ገበሬ እርሻው ላይ እንደሚያርድለት፣ እሱ ዞር ብሎ ቢስሚላሂ ከማለት ሌላ ምንም እንደማያደርግ፣ ደም ማየት እንደማይችል፣ ሰሚራም ሳትሰማ የኖረችውን ነገር ተናገረ። እዚህ አገር ያደገ ልጅ ዶሮ እንኳ ላስቲክ ተጠቅልሎ የሚፈጠር ይመስለዋል፤ ይህ ግን ቢላዋ ይይዛል፣ ወለል ያጥባል፣ ሊከሰው ለመጣ ሰው ሥጋ ያቀርባል አለ። ሰሚራ ወረቀቱን ደረቷ ላይ እንደያዘች ቀረች። በሶፋው ላይ የነበረው ባዶ ቦታ መቼ እንደጠበበ አላየሁም፤ ስመለከት አባቷ አጠገብ ነበረች።

ጋሽ ሙሄ እንደ ወጉ ፊቱን ሊያጨፈግግ ሞከረ። አልሆነለትም።

«እሁድ ኑ» አለ ለጋሽ እንድሪስ። «የሠርጉን በግ ራሱ ያርዳል። ብቻ የካውንቲውን ድንበር ተሻግራችሁ እረዱ፤ በአማቼ ላይ ሁለተኛ ኬስ አልፈልግም።»